ጭድ፣ እበትና የኤረር ግድግዳ

ክራቴር የተባለው የፈረንሳይ የአፈር ሕንፃ ጥናት ማዕከል እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2017 ያሳተመው «አርዢል ኤ ቢዮፖሊሜር» የተሰኘው መጽሐፍ፣ ከጭቃ ጋር የሚቀላቀሉትን የዕፀዋትና የእንስሳት ውጤቶች በየባሕርያቸው ለይቶ ይመድባል። ስታርችና ሙጫ በአንድ ወገን፣ ወተትና ደም በፕሮቲን ወገን፣ ዘይትና ስብ በሦስተኛው፣ ታኒንም ለብቻው ይቆማሉ። የመጽሐፉ ዋና ብርታት የባላገር ልማድ ተብሎ ይናቅ የነበረው ሥራ ምክንያት ያለው ጥበብ መሆኑን ማስረዳቱ ነው።

ይህ አመዳደብ ለኢትዮጵያ የጭቃ ቤት ጥናት ይጠቅማል። ሸክላነት ያለው አፈር ሲደርቅ ይኰማተራል፤ ይሰነጠቃልም። በምርጊቱ ውስጥ የገባው የጤፍ ጭድ ግን ጭቃውን አያይዞ ታላቁን ስንጥቅ ይከለክላል። ጭቃው ከጭዱ ጋር ተቦክቶ ሲሰነብት ጭዱ እየበሰበሰ የሚያጣብቅ ነገር ያወጣል። በመጨረሻ የሚቀባው እበትም በከብት ሆድ የደቀቀ ቃጫ ስላለበት ፊቱን ያለሰልሳል፤ የዝናቡንም እጥበት ያዘገያል።

ይሁን እንጂ የኬሚያ ምደባ ብቻውን የአንድን አገር ግድግዳ ሊያስረዳ አይችልም። ለዚህ በሶማሌ ክልል ሲቲ ዞን፣ ከድሬዳዋ በስተምዕራብ በቀድሞው የጅቡቲና የአዲስ አበባ ምድር ባቡር መሥመር ላይ የምትገኘው ኤረር ምስክር ናት። በዙሪያዋ ያለው አርብቶ አደር ሶማሌ ቤቱን፣ አቃሉን፣ ከጐበጠ እንጨትና ከሰሌን ይሠራል፤ በግመል ጭኖም ይሄዳል፤ ልስን አያሻውም። የተለሰነ ግድግዳ በቆላ ከተማ የሰፈረ ሰው ሥራ ነው። ጤፍ ግን የደጋና የወይና ደጋ እህል ነው፤ የፍየልና የግመል ኩስ ደግሞ ድቡልቡልና ደረቅ እንጂ እንደ ላም እበት የሚለጠፍ አይደለም። አማርኛ ራሱ እበትን፣ ኩበትን፣ ፋንድያንና በጠጥን እየለየ ይጠራል። ሁሉን በአንድ ስም የሚመዘግብ ተመራማሪ ከቋንቋው ያነሰ ያያል።

ነገሩ የቃላት ክርክር ብቻ አይደለም። በጭቃ ግድግዳ ላይ የሚለሰን ሲሚንቶ ደረቅና ግትር ስለሆነ እርጥበቱን በውስጥ ያግተዋል፤ ኋላም ከግድግዳው ይላቀቃል። በእበት መለቅለቅ አብዛኛውን ጊዜ የሴቶች ሙያ ነው። ሲሚንቶ ሲተካው የሚጠፋው ቅልቅሉ ብቻ ሳይሆን መጠኑን በእጅ የሚለየው ዕውቀት ጭምር ነው። ስለዚህ መጽሐፉን ይዞ ወደ ኤረር የሚወርድ ተማሪ ምን እንደተቀላቀለ ከመጠየቅ አልፎ ማን እንዳቦካው፣ በየትኛው ወራት እንደተለሰነና በምን ስም እንደሚጠራ ሊጽፍ ይገባዋል።