ጠቋሚው ስለተንቀሳቀሰ ብቻ

አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የኑክሌር ጦርነት ስጋት አይሎባት ለሲቪል መከላከያ ያሠራቻቸው ቢጫ የጨረራ መለኪያዎች ዛሬም በሰብሳቢዎች እጅ በብዛት ይገኛሉ። ማደስ ሲባል ብዙዎች የሚያስቡት ዝገቱን ማስለቀቅን፣ አዲስ የባትሪ ድንጋይ ማስገባትንና ጠቋሚው ሲንቀሳቀስ ማየትን ነው። መጠኑ በታወቀ ጨረራ ፊት ተፈትኖ ካሊብሬት ያልተደረገ መሣሪያ ግን ገና አልታደሰም ባይ ነኝ።

ሲዲ ቪ-715ን እንውሰድ። የመጨረሻው እርከን በሰዓት እስከ 500 ሮንትገን ይለካል፤ እጅግ ስስ በሆነው እርከን እንኳ ሙሉ ንባቡ 0.5 ሮንትገን ነው፣ ይህም በአካባቢያችን ዘወትር ካለው ጨረራ በአሥር ሺዎች እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ ጤነኛው መሣሪያም ሆነ የሞተው መሣሪያ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጡ እኩል ዜሮ ያሳያሉ። «የሰርኪዩት መፈተሻ አለው እኮ» የሚል ይኖራል። አለው፤ ማዞሪያው እዚያ ላይ ሲደርስ ጠቋሚው ብድግ ይላል። ነገር ግን የሚፈተሸው ኤሌክትሮኒክሱ ብቻ ነው፤ ጨረራውን የሚቀበለው የአየር ክፍል አይፈተሽም። ከዚያ ክፍል የሚወጣው ኮረንት ከአምፔር ቢሊዮንኛም እጅግ ያነሰ ስለሆነ በቢሊዮኖች ኦም በሚቆጠር ሬዚስተር ውስጥ ማለፍ አለበት። በዚያ ሬዚስተር መስታወት ላይ የጣት ወዝ ወይም እርጥበት ካረፈ ኮረንቱ በጎን ሾልኮ ያልፍና ንባቡ ይወርዳል። እኔን የሚያሳስበኝም ይኸው ነው፦ ስህተቱ የሚያጋድለው «ሰላም ነው» ወደ ማለት ነው። ሬዚስተሩን በእጅ ሳይነኩ በንጹህ አልኮል ማጠብ፣ በደንብ ማድረቅና እርጥበት መጣጩን ከረጢት መቀየር የሥራው ልብ ነው፤ ቀለሙ በኋላ ይደርሳል።

ሲዲ ቪ-700ስ? እሱ የጋይገር ቱቦ ያለው፣ እስከ 50 ሚሊሮንትገን የሚለካ ስለሆነ ከጎኑ የተለጠፈችውን የጨረራ መፈተሻ ምንጭ ሲያገኝ በጆሮ ማዳመጫው ጠቅ ጠቅ ይላል። ይህ ቱቦው በሕይወት መኖሩን ያሳያል እንጂ ልኩ ትክክል መሆኑን አያረጋግጥም። ከዚህም የከፋው፣ እጅግ ኃይለኛ ጨረራ ውስጥ ሲገባ ምቶቹ ተደራርበው ስለሚዋዋጡ ንባቡ ወደ ዜሮ ሊመለስ መቻሉ ነው።

ዋነኛው ተቃውሞ «ለመደርደሪያ ጌጥ ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል?» የሚለው ነው። ለጌጥ ብቻ ቢሆን እስማማለሁ። ዳሩ ግን ዕቃው ይሸጣል፣ ይወረሳል፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ከፉኩሺማ አደጋ በኋላ እንደታየው ሰው ሲደነግጥ ያገኘውን መለኪያ ይገዛል። ያ ገዢ የሚያምነው ቁጥሩን ነው። በእርግጥ ለካሊብሬሽን የሚያገለግል የሲዚየም-137 ጨረራ ምንጭ በየቤቱ የለም፣ ሊኖርም አይገባም፤ ካሊብሬሽን ፈቃድ ወዳለው ላቦራቶሪ መላክን ይጠይቃል፣ ዋጋውም መሣሪያው ከተገዛበት ሊበልጥ ይችላል። አቅሙ ከሌለ ድንጋዩን አውጥቶ፣ «ለማሳያ ብቻ፤ አልተለካም» የሚል ወረቀት ከመያዣው ሥር መለጠፍ ነው።