ስለ ተማሪዎች የውድድር ሮቦት ክንድ አሠራር አጭር ትችት

ከባድ ዕቃ የሚያነሣ ክንድ ለተመልካች ደስ የሚያሰኝ ስለ ሆነ፤ ለውድድር የሚሰናዳ የተማሪ ሮቦት ሁሉ አስቀድሞ የሚታሰብለት ጉልበት ነው። እኛም እንደዚሁ አስበን ነበር። በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳው የምንፈልገው ግን ክንዱን ብዙ ጊዜ የሚያሸንፈው የዕቃው ክብደት ሳይሆን የገዛ ራሱ ልልነት መሆኑን ነው።

ለምርመራችን የመረጥነው ዩኒቨርሲቲ ሮቨር ቻሌንጅ የሚባለውን ውድድር ነው። ይህ ውድድር በማርስ ሶሳይቲ አዘጋጅነት በ2007 እ.ኤ.አ. የተጀመረ ሲሆን፤ ቦታው በአሜሪካ በዩታ ምድረ በዳ፤ በሀንክስቪል ከተማ አቅራቢያ ነው። ተማሪዎቹ ወደ ማርስ ቢላክ ለጠፈርተኞች ረዳት ሊሆን የሚችል ተሽከርካሪ ሠርተው ይፈተኑበታል።

ደንቡ ጥብቅ ነው። ሮቨሩ ለአንድ ተግባር ሲሰለፍ ከ50 ኪሎ ግራም መብለጥ የለበትም፤ ቢበልጥ ለያንዳንዱ ትርፍ ኪሎ ከነጥቡ ከመቶ 5 ይቀነስበታል። ለልዩ ልዩ ተግባሮች የሚለዋወጡት ክፍሎች ሁሉ ባንድነት ተመዝነው ከ70 ኪሎ ግራም ማለፍ አይችሉም። ነጂዎቹም ሮቨሩን በዓይናቸው ከማያዩበት ስፍራ ተቀምጠው በካሜራ ብቻ ያዝዙታል። ክንዱ በአንድ ወገን እስከ 5 ኪሎ የሚመዝን ዕቃ እንዲያነሣ፤ በሌላ ወገን ብሎን እንዲፈታ፤ ማብሪያ እንዲጫን፤ በኮምፒዩተር ኪቦርድም እንዲጽፍ ይጠየቃል። የሸክም ጉልበትና የጸሐፊ ጣት በአንድ ክንድ ላይ ሲፈለጉ ነው እንግዲህ ነገሩ የሚከብደው።

እስቲ ጉልበቱን እናስላው። ክንዱ 1 ሜትር ርዝመትና 6 ኪሎ ክብደት፤ መያዣው 1 ኪሎ፤ ዕቃው 5 ኪሎ ይሁን። ክንዱ አግድም ሲዘረጋ በትከሻው ላይ የሚያርፈው የመጠምዘዝ ኃይል 88 ኒውተን ሜትር ያህል ይሆናል። ይህ ቍጥር ጀማሪን ያስደነግጣል፤ ሆኖም አነስተኛ ሞተር ፍጥነቱ በጥርሳም መንኰራኵር በበቂ መጠን ከተቀነሰለት ይሸከመዋል። ከዝግታ በቀር ሌላ ዋጋ አያስከፍልም፤ በዚህ ውድድር ደግሞ ክንድ ስለ ዘገየ ብዙ የሚጐዳ አይመስለንም።

እኛ በቤተ ሙከራችን በዚሁ ደንብ ልክ አንድ የሙከራ ክንድ ሠርተን፤ ጫፉ ላይ እርሳስ አስረን ወረቀት ላይ ነጥብ እንዲመታ አዘዝነው። ነጥቡ አንድ ጊዜ ወደ ቀኝ፤ አንድ ጊዜ ወደ ግራ ወደቀ። ጥፋቱ የትከሻው ነው ብለን ሞተሩን ለወጥን፤ ጥርሱን ለወጥን፤ በዚህም የወሰነ ትምህርቱን ግማሽ ፈጀን። ነጥቡ ግን መዋለሉን አልተወም። ብናስተውል ኖሮ ነጥቡ የሚዋልለው ወደ ላይና ወደ ታች እንዳልሆነ በመጀመሪያው ቀን እናይ ነበር።

ምክንያቱ ይህ ነው። በሁለት ጥርሳም መንኰራኵሮች መካከል ምንጊዜም ጥቂት ክፍተት አለ። ትከሻና ክርን ግን የክንዱ ክብደት ሁልጊዜ ወደ ታች ስለሚጐትታቸው ጥርሶቹ በአንድ ወገን ተጫጭነው ይኖራሉ፤ ክፍተቱም አይታይም። ክንዱን ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚያዞረው ወገብ ግን እንዲህ ያለ ረዳት የለውም። መሬቱ ደልዳላ ከሆነ ክብደት ወደ የትም አያደላለትምና በክፍተቱ ውስጥ እንደ ልቡ ይዋልላል። የወገቡ ልልነት ግማሽ ዲግሪ ብቻ ቢሆን በ1 ሜትር ርቀት ላይ 9 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል። በተራ ኪቦርድ ላይ ከአንዱ ቁልፍ መካከል እስከ ጎረቤቱ መካከል ያለው ርቀት 19 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ ካሜራውም ነጂውም ምንም ሳይሳሳቱ የቁልፍ እኩሌታ ያህል ከእጃቸው ወጥቷል ማለት ነው።

መድኀኒቱ ቀላል ነው፤ ነገር ግን በኪሎ ይከፈልበታል። የጥርሱ ክፍተት 0.2 ሚሊ ሜትር ቢሆንና የወገቡ መንኰራኵር ከመካከሉ እስከ ጠርዙ 3 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፤ በክንዱ ጫፍ ላይ የሚታየው ልልነት 6.7 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ያንኑ ክፍተት የያዘው መንኰራኵር 12 ሳንቲ ሜትር ቢደረግ ወደ 1.7 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። ልልነት የሌለበትን ሐርሞኒክ ድራይቭ ገዝቶ መግጠምም ይቻላል፤ ደንቡ ለወጪውም ጣሪያ ስላበጀ ግን ለወገብ የወጣው ገንዘብ ለካሜራ አይገኝም።

አንዳንድ ጓደኞቻችን የክብደቱ ደንብ የተማሪን አሳብ ያፍናል ይላሉ። እኛ በዚህ አንስማማም። ደንቡ ባይኖር ሁላችንም ልልነትን በብረት ውፍረት ልንሸፍነው በሞከርን ነበር፤ ውፍረት ደግሞ የጥርስን ክፍተት አይዘጋም። ይልቁንስ የምንነቅፈው ደንቡ የከፈተውን በር ሠሪዎች አለመግባታቸውን ነው። በ50ና በ70 መካከል ያለው 20 ኪሎ የተተወው እንዲለዋወጡ ለተሠሩ ክፍሎች ነው። ታዲያ 5 ኪሎ የሚጨብጥ ወፍራም መያዣ በኪቦርድ ላይ ምን ይሠራል? በስፋቱ የካሜራውን ዓይን ይጋርዳል፤ ሁለት ቁልፍም ባንድ ጊዜ ይጫናል። በኤሌክትሪክ መግነጢስ ወደ ፊት የሚወነጨፍ አንድ ቀጭን ዘንግ ይበቃ ነበር፤ ክብደቱም ከጥቂት መቶ ግራም አያልፍም።

እኛ የወገቡን መንኰራኵር ወደ 12 ሳንቲ ሜትር አሳድገን 1.4 ኪሎ ጨመርን፤ ይህንንም ከላይኛው ክንድ ቧንቧ ላይ ቀንሰን አካካስነው። የእርሳሱ ነጥቦች አሁን በአንድ ቁልፍ ስፋት ውስጥ ይወድቃሉ። መያዣውን ግን ገና አልለወጥነውም።