ስለ ጀልባ ተሳቢ ገመዶች ስያሜ፤ በአንድ የትርጉም ረቂቅ ላይ የቀረበ ሂስ

አስተያየት እንድንሰጥበት የተላከልን ረቂቅ የአንዲት ትንሽ ባለሸራ ጀልባን ገመዶች ስለ መለወጥና ስለ ማሻሻል የተጻፈን የእንግሊዝኛ መምሪያ ወደ አማርኛ የመለሰ ነው። ጀልባዪቱ ዌይፋረር የምትባለው፣ ብሪታንያዊው ነዳፊ ኢያን ፕሮክተር በ1957 እ.ኤ.አ. ያወጣት፣ 4.82 ሜትር የምትረዝም ናት። ፍራንክ ዳይ በ1963 እ.ኤ.አ. ከአንድ ባልደረባው ጋር ከስኮትላንድ ተነሥቶ አይስላንድ የደረሰው በዚህችው ዓይነት ጀልባ ነበርና፣ ትንሽ ናት ተብላ የምትናቅ አይደለችም። የረቂቁ ዐረፍተ ነገር የጠራ፣ ሰዋስዉም የታረመ ነው። ጕድለቱ ስያሜው ላይ ነው። ይህም ቀላል ነገር አይደለም፤ የዚህ መምሪያ አንባቢ ንባቡን ሲጨርስ ገመድ ጨብጦ ከነፋስ ጋር የሚጋጠም ሰው ነውና።

ከሁሉ አስቀድሞ ዐይናችንን የሳበው «ነፋሱ በድንገት ቢበረታ አንሶላውን ወዲያው ይልቀቁ» የሚለው ምክር ነው። አንባቢ ጀልባ ውስጥ አንሶላ ምን ይሠራል ብሎ ቢሥቅ አይፈረድበትም። የእንግሊዝኛው ቃል ሺት ነው፤ በቤት ውስጥ አንሶላ፣ በጽሕፈት ቤት የወረቀት ሉህ፣ በጀልባ ላይ ግን ሸራው ከነፋስ ጋር የሚይዘውን አንግል የሚወስነው ገመድ ነው። ሲሳብ ሸራው ወደ ጀልባዪቱ ወገብ ይሰበሰባል፤ ሲለቀቅ ሸራው ወደ ውጭ ዞሮ ነፋሱን ያፈስሳል፤ ያጋደለችው ጀልባም ቀና ትላለች። ተርጓሚው ይህን ገመድ ከጥቂት ገጾች በኋላ «የሸራ ገመድ» ይሉታል። ይባስ ብለው ሸራውን ወደ ላይ የሚሰቅለውን፣ እንግሊዞች ሃልያርድ የሚሉትን ሌላ ገመድም በዚያው ስም ይጠሩታል። እንግዲህ «የሸራውን ገመድ ይልቀቁ» የተባለ ጀማሪ የትኛውን ይልቀቅ? አንደኛው ጀልባዪቱን ከመገልበጥ ያድናታል፤ ሁለተኛው ሸራውን እንዳለ በራሱ ላይ ያወርድበታል። አንሶላ የሚለው ስሕተት አንባቢን ስለሚያስቅ ይታረማል፤ የሚያስፈራን ማንንም የማያስቀው «የሸራ ገመድ» ነው።

የስሕተቱ ምንጭ ገመድን በባሕርዩ እንጂ በሥራው ለመሰየም አለመፈለግ ይመስለናል። ሃልያርድ የሚለው ቃል በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝኛ አመጣጡ «ጐታች» ማለት ነው። የፈረንሳዮቹ ድሪስ ከጣልያንኛ የተወሰደ ሆኖ ቀጥ አድርጎ ማቆምን ያመለክታል። ሺት ብቻ ከዚህ ሥርዐት ወጣ ይላል፤ በጥንት ትርጉሙ የሸራ ማዕዘን ነበርና፣ ስሙ ከሥራ ሳይሆን ከቦታ የመጣ ነው። መምሪያው የሚያወሳው የማሻሻል ሥራ ራሱ ለዚህ ምስክር ነው። ሸራ መስቀያው ትናንት የሽቦ ገመድ ቢሆን፣ ዛሬ በፖሊስተር፣ ነገ በሌላ ቢተካ ስሙ አይለወጥም።

አማርኛ ደግሞ በዚህ ረገድ ድኻ አይደለም። ለመሣሪያ መሰየሚያ የሚሆነው መስቀያ፣ መወጠሪያ፣ መግቻ የሚለው የቃል አመሠራረት ለዚሁ የተፈጠረ ያህል ነው። ስለዚህ ሃልያርድን «መስቀያ ገመድ» ብንለው፣ ባንዲራ ሲሰቀል ያየ ሁሉ ሳይነገረው ይገባዋል። ለሺት ግን ከዚህም የተሻለ ቃል አለን፤ ዛብ። በቅሎ የጋለበ ሰው ዛብ በእጅ ተይዞ እንደ አስፈላጊነቱ የሚሳብና የሚላላ፣ ጨርሶም የማይታሰር መሆኑን ያውቃል። የሸራ ዛብም ሥራው ይኸው ነው። አንዳንድ ባልደረቦቻችን ቃሉ ከየብስ ወደ ውሃ መሻገሩን ነቅፈውታል። እኛ ግን ነቀፋውን አልተቀበልነውም፤ እጅ የሚሠራው ሥራ አንድ ከሆነ ቃሉ መሻገሩ ነውር የለበትም።

ረቂቁ «ሯጭ ገመድ» እና «ቆሞ ገመድ» በማለት ቃል በቃል ያስቀመጠው ክፍፍልም በዚሁ መንገድ ይቃናል። ደቀሉን ከግራና ከቀኝ ወጥረው የሚያቆሙት፣ በጕዞ ጊዜ የማይነኩት አውታሮች ናቸው፤ ድንኳን የተከለ ሰው የሚያውቃቸው። (ደቀል በመጽሐፍ ቅዱሳችን ትርጉም ከኖረ ዘንድ ተርጓሚው «የሸራ እንጨት» ለማለት ለምን እንደ ተገደዱ አልገባንም።) ሌሎቹ፣ በመዘውር ውስጥ እያለፉ በእጅ የሚሳቡትና የሚለቀቁት፣ ተሳቢ ገመዶች ይባሉ።

«መራገጫ ጠፍር» የተባለው ደግሞ አግዳሚው እንጨት ወደ ላይ እንዳይነሣ ቁልቁል የሚይዘው ገመድ ነው። «የአግዳሚ መግቻ» እንላለን። በዚህ ክፍል ግን ከስያሜ የከፋ ነገር አለ። መምሪያው አራት እጥፍ የነበረውን የመግቻውን የጕልበት ትርፍ አንድ መዘውር ጨምሮ ስምንት እጥፍ ስለ ማድረግ ሲያስረዳ፣ ረቂቁ «የገመዱ ጥንካሬ ስምንት እጥፍ ይሆናል» ይላል። ገመዱ አልጠነከረም። የሳቢው ክንድ በስምንት ተባዛ፤ በመዘውሮቹ ሰበቃ ከሚጠፋው በቀር። ዋጋውም አለ፤ የተያያዘው ጫፍ አንድ ስንዝር እንዲቀርብ ስምንት ስንዝር ገመድ መሳብ ያስፈልጋል። ጕልበቱ ሲጨምር በደቀሉና በአግዳሚው ላይ ያሉት ማያያዣዎች የሚሸከሙት ኀይል ስለሚጨምር፣ ጥንካሬን መመርመር የሚገባው ያን ጊዜ ነው። ረቂቁን ያመነ ሰው ግን ምርመራውን ይተወዋል።

ስለ ገመዶቹ ጥሬ ነገር ብዙ አንልም። ዳይኒማ የአንድ የንግድ ምርት ስም ነው፤ የልብስ ማጠቢያ ዱቄትን ሁሉ ኦሞ ማለት እንደ ለመድነው የወል ስም እንዳይሆን በመጀመሪያው ገጽ ላይ ፖሊኤቲሊን መሆኑ ይጠቀስ። ይበልጥ የሚያሳስበው «መሳሳብ» በሚል አንድ ቃል የተጠቀለሉት ሁለት ጠባዮች ናቸው። ሲስቡት ረዝሞ ሲለቁት የሚመለሰው ልጠት ይባል፤ ፖሊስተር በዚህ ከዳይኒማ ይብሳል። በማያቋርጥ ሸክም ቀስ በቀስ ረዝሞ የማይመለሰውን፣ በዳይኒማ ላይ የሚታየውን፣ «ዝግመተ ለውጥ» የሚለውን አርኣያ ተከትለን ዝግመተ ርዝማኔ ብንለው ይስማማናል። እንደዚሁም ቋጠሮና ጕንጐና አንድ አይደሉም። ዳይኒማ አሙለጭላጭ ስለ ሆነ ብዙ ዓይነት ቋጠሮ ይሾልክበታል፤ መምሪያው ጫፉ ወደ ገመዱ ውስጥ ተመልሶ እንዲጐነጐን ያዘዘውም ስለዚህ ነው። ረቂቁ ግን «አጥብቀው ይቋጥሩ» ብሏል።

ባዕድ ቃልን ሁሉ እንደማንጠላ ለማስረዳት አንድ ምሳሌ እንጨምር። የሸራውን የፊት ጠርዝ ወደ ታች የሚወጥረው ገመድ ከኒንግሃም ይባላል፤ ስሙን ያገኘው በ1958 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ዋንጫን ካሸነፈችው የኮሎምቢያ ጀልባ መሪ ከብሪግስ ከኒንግሃም ነው። ተርጓሚው ከስሙ ውስጥ «ብልጠት» የሚል ፍች ፈልቅቀው «የብልጠት ገመድ» አድርገውታል። የሰው ስም አይተረጐምም፤ ከኒንግሃም እንዳለ ይቀመጥና በመጀመሪያ በተነሣበት ቦታ «የፊት ጠርዝ መወጠሪያ» የሚል ማብራሪያ ይከተለው።

ረቂቁን ከነእርማታችን ለተርጓሚው መልሰናል። የቃላት ዝርዝሩ ተስተካክሎ እስኪመጣ ድረስ ሌላው ቢዘገይ፣ በድንገተኛ ነፋስ ጊዜ የሚለቀቀው የትኛው ገመድ እንደ ሆነ የሚናገረው ገጽ ግን እንዳለ ለማንም ጀማሪ እንዳይሰጥ አሳስበናል።