አረማዊ፦ ከሕዝብ ስም እስከ ጭካኔ ስም

በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ቁጥር 17፣ የማኅበሩን ምክር አልሰማ ያለ ወንድም እንደ ውጭ ሰው ይቆጠር ይባላል። የግሪኩ ቃል የሚያመለክተው የሌላ ሕዝብ ወገንን፣ አሕዛብን ነው። በ1954 ዓ.ም. የታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ይህን ሰው «አረመኔ» ይለዋል። የዛሬው አንባቢ ቃሉን ሲያነብ ጨካኝ ሰው ይታየዋል፤ ክፍሉ ግን ስለ ጭካኔ አንዳች አይናገርም።

«አረመኔ» የግእዙ «አረማዊ» ዘመድ ነው፤ የቃሉ መነሻም የአንድ ሕዝብ መጠሪያ ነው። አራማውያን ደማስቆን ጨምሮ በሶርያና በመስጴጦምያ መንግሥታት የነበሯቸው ሕዝቦች ናቸው፤ ቋንቋቸውም በፋርስ ነገሥታት ዘመን እስከ ግብፅ ድረስ የመንግሥት ጽሕፈት ቋንቋ ነበር። ኢየሱስ በገሊላ ያደገበት ቋንቋም ይኸው ነው። በዕብራይስጡ ዘዳግም ምዕራፍ 26፣ በኵራቱን ይዞ የሚቀርበው እስራኤላዊ የገዛ አባቱን አራማዊ ብሎ ይጠራል። ይህን ያህል ክብር የነበረው ስም ወደ ነቀፌታ የተለወጠው በባዕዳን አፍ ብቻ አልነበረም። በኤዴሳና በአካባቢዋ ክርስትናን የተቀበሉት የአራም ልጆች፣ ግሪኮች ባወጡላቸው ስም ራሳቸውን ሶርያውያን እያሉ፣ የአባቶቻቸውን ስም ላላመኑት ወገኖቻቸው ተዉላቸው። ጸሐፍቶቻቸው «አራማዊ» የሚለውን የሕዝብ ስምና «አረማዊ» የሚለውን የእምነት ስም በአናባቢ እስከ መለየት ደረሱ። አይሁድም በአራማይክ ጽሑፎቻቸው አሕዛብን በዚሁ ስም ይጠሩ ነበር። የግሪኮች ታሪክ ከዚህ አይርቅም፤ በቢዛንታይን ዘመን «ሔሌናዊ» ማለት ጣዖት አምላኪ ስለ ሆነ፣ ግሪክኛ ተናጋሪው ክርስቲያን ራሱን ሮማዊ ይል ነበር።

ግእዝ ቃሉን የተቀበለው በዚህ የእምነት ፍቺው ነው። በየትኛው በር እንደ ገባ ግን ያከራክራል። ሃይማኖት፣ ኦሪት፣ ጣዖት፣ ምጽዋት የሚሉት ቃላትም የአራማይክ ልጆች ናቸው። የቀድሞዎቹ ሊቃውንት ብዙዎቹን ከሶርያ ከመጡ መነኮሳት ጋር ሲያያይዙ፣ ሐንስ ያዕቆብ ፖሎትስኪ እ.ኤ.አ. በ1964 ባወጣው ጥናት የአንዳንዶቹ ቅርጽ የሶርያ ክርስቲያኖችን ሳይሆን የአይሁድን አራማይክ እንደሚመስል አሳየ። «አረማዊ»ን በተመለከተ ቃሉ ብቻውን አይፈርድም፤ ሁለቱም ወገኖች ተጠቅመውበታልና። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ሌላ ነው፦ የራሳችንን እምነት የምንጠራበት ቃልና ከእምነታችን ውጭ ያለውን ሰው የምንጠራበት ቃል ከአንድ ቋንቋ መቀዳታቸው።

ቃሉ ወደ ጭካኔ የተሻገረው በአማርኛ ነው። ለዚህ መሻገሪያ የሆነው የገድላት አተራረክ ይመስለኛል። በገድለ ተክለ ሃይማኖት የዳሞቱ ገዢ ሞተሎሚ ከክርስትና ውጭ ያለ ንጉሥ ብቻ አይደለም፤ የጻድቁን እናት እግዚእ ኀረያን ማርኮ የወሰደ ወራሪም ነው። አለማመንና ግፍ በአንድ ሰው ላይ ተደርበው ለዘመናት ሲነበቡ ጆሮ ሁለቱን መለየት ተወ። በየካቲት 1929 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሕዝብ ሲታረድ ገዳዮቹ የመጡት ከሮማው ጳጳስ አገር ከኢጣልያ ነበር፤ ሆኖም ሐበሻ የኢጣልያውን እንደራሴ «አረመኔው ግራዚያኒ» ለማለት አላመነታም። ቃሉ በዚህ ቦታ ሰውን የሚመዝነው በሥራው ነው፤ የተጠመቀም ያልተጠመቀም እኩል ይከሰስበታል።

ይህ አዲሱ ፍቺ ፍትሐዊ ነው፤ ሊጠበቅም ይገባዋል። ችግሩ ወደ ኋላ ተመልሶ አሮጌዎቹን መጻሕፍት ሲተረጉም ነው። ከግእዝ ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው «አረማዊ»ን «አረመኔ» ባለ ቁጥር፣ ጥፋቱ በሌላ አምልኮ መኖር ብቻ የሆነውን የዳሞት ወይም የጎጃም ገበሬ ደራሲው ባላሰበው የጭካኔ ወንጀል ይከሰዋል። «አረማዊ» የሚለው ቃል ዛሬም ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም፤ ተርጓሚው እንዳለ ቢተወው ጽሑፉም ገበሬውም አይበደሉም።