ባለቤት ያጣው ርዕሰ አንቀጽ

ባለፈው ዓመት በዚሁ መጽሔታችን የወጡትን ርዕሰ አንቀጾች አንድ ማታ ዶርም ውስጥ ተሰብስበን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብናቸው። ግጥሙና አጭር ልቦለዱ በየእትሙ ሂስ ሲወርድበት የመጀመሪያው ገጽ ግን ማንም ሳይነካው መክረሙ ስለ ገረመን ነው። አንብበን ስንጨርስ ከመካከላችን አንዱ «ታዲያ ማን ምን አደረገ ነው የሚሉት?» ብሎ ጠየቀ። የመለሰለት አልነበረም።

አንዱን ብቻ እናስታውስ። «እንደሚታወቀው ቤተ መጻሕፍት የዕውቀት ምንጭ ነው» ብሎ ይጀምራል። የሚታወቅ ከሆነ ስቴንስል ለምን ይፈጃል? ቀጥሎ «አንዳንድ ችግሮች ይስተዋላሉ» ይላል፣ ከዚያ «የሚመለከተው አካል ትኩረት ሊሰጠው ይገባል»፣ ማሳረጊያው «ሁላችንም የበኩላችንን እንወጣ»። በፈተና ሰሞን ቤተ መጻሕፍቱ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ መዘጋቱ፣ ተማሪው በኮሪደር አምፖል ሥር ቆሞ ማንበቡ አንድም ቦታ አልተጻፈም። የሚመለከተው አካልም እንደ ልማዱ ሳይመለከት ቀረ። እንዴትስ ይመልከት? ዲኑ ሲያነበው የቤተ መጻሕፍቱን ኃላፊ ማለታቸው ነው ይላል፤ ኃላፊው ሲያነበው በጀት ክፍሉን ነው ይላል፤ በጀት ክፍሉ ደግሞ መጽሔታችንን አያነብም።

ነገሩ የድፍረት ማነስ ብቻ መስሎን ነበር። ደጋግመን ስናየው ግን ሰዋስውም አለበት። አማርኛችን ለጋስ ነው፤ ከግሱ ፊት አንዲት «ተ» ጣል ካደረጉለት አድራጊውን ከዓረፍተ ነገሩ አውጥቶ ይሸኝልዎታል። «ሰረቀ» ስንል ሌባው አለ። «ተሰረቀ» ስንል ዕቃው ብቻ ይቀራል። «ይደረግ»፣ «ይታሰብበት»፣ «ሊስተካከል ይገባል»፣ «ሊወሰድ ይገባል»... በአንድ ገጽ ላይ ብቻ «ይገባል» ዘጠኝ ጊዜ ገብቶ አግኝተነዋል። አንቀጽ በግዕዝ በር፣ ደጃፍ ማለት ነው። ርዕሰ አንቀጹን ዋናው በራችን ብንለው፣ በሩ ተከፍቶለት የገባ እንግዳ ባለቤቱን ቤት ውስጥ ሲያጣው ምን ይበል?

ይህን አጻጻፍ ከየት አመጣነው ብለንም ተነጋግረናል። አብዛኞቻችን ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ ጀምሮ ይዘነው የመጣነው ነው። ማይክራፎኑ እንደ ተሰጠን መጀመሪያ የምናደርገው ድምፃችንን ማወፈር ነበር። የሚኒ ሚዲያው አብነት ደግሞ የመንግሥት ጋዜጣና ራዲዮ ነው። በመንግሥት ጋዜጣ ርዕሰ አንቀጽ ውስጥ የሚናገረው መሥሪያ ቤት ነው፣ የሚያዳምጠውም ሩቅ ያለ ሕዝብ ነው፤ ስለዚህ «ይገባል» ሲል ቢያንስ ከኋላው ደብዳቤና ማኅተም አለ። የእኛ አንባቢ እኮ ከጎናችን ተሰልፎ ሽሮ የሚበላ ልጅ ነው! ማኅተምም የለን። ያለን ነገር አንድ ብቻ ነው፤ አይተናል፣ ጠይቀናል፣ ይኸው ማለት።

የተማሪ ጽሑፍ ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች ጋዜጣ በነበረው በስትራግል ላይ በ1962 ዓ.ም. ኅዳር የወጣውን የዋለልኝ መኮንንን የብሔረሰቦች ጥያቄ ጽሑፍ እናንሣ። የሚስማማበትም የማይስማማበትም ከ50 ዓመት በላይ ሲከራከርበት ኖሯል፤ ወደዚያ ክርክር እዚህ አንገባም። የጽሑፉ ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው፣ ርዕሰ አንቀጽም አልነበረም። ነገር ግን የጸሐፊው ስምና የስንተኛ ዓመት ተማሪ እንደ ሆነ ተጽፎበታል፤ ምን እንደሚል፣ ማንን እንደሚል ይታወቃል። ተቃዋሚ የሚጨብጠው ነገር አለው። የእኛን ርዕሰ አንቀጽ ማን ይቃወመዋል? «ንጽሕና አስፈላጊ ነው» ከሚል ሰው ጋር ማን ይጣላል?

እርግጥ ርዕሰ አንቀጽ ፊርማ የለውም፤ የዝግጅት ክፍሉ በሙሉ የሚናገርበት ነው። ችግሩ እዚያ ላይ ነው። ሁሉም የጻፈው መሆን ሲገባው ማንም ያልጻፈው ሆኖ ይወጣል። ይህን የምንለው ከውጭ ቆመን አይደለም። አሁን የምናነሣው ርዕሰ አንቀጽ ውስጥ ከእኛ የሁለታችን እጅ አለበት፤ ሂሱ ግለ ሂስም ነው።

ባለፈው ዓመት የቁርስ ዳቦ እያነሰ ሄደ። ሁሉም ተማሪ ያወራል። እኛም «የዳቦው ምስጢር» ብለን ርዕሰ አንቀጽ ጻፍን። «ከተማሪው ማዕድ ላይ ዳቦ እየተቆረሰ ነው፤ የተማሪው ድርሻ እየተመዘበረ ነው፤ አስቸኳይ እርምጃ ሊወሰድ ይገባል» አልን። ደፋር ጽሑፍ መስሎን ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ ስቴንስሉ ተመትቶ ሲያልቅ ተጨባብጠናል። በማግሥቱ ቅጂዎቹ ጠረጴዛ ለጠረጴዛ ዞሩ።

ማን ቆረሰ? ማን መዘበረ? አላልንም። ስም ስላልጠራን ማንንም ያልነካን መሰለን። አንባቢ ግን ባዶውን ቦታ ባዶ አድርጎ አይተወውም፤ ባለቤት ላጣ ዓረፍተ ነገር ባለቤት ይፈልግለታል። የሚያገኘውም ቅርቡ ያለውን ነው። ቅርቡ ያለችው በካፌው መስኮት በኩል ዳቦ የምታድለን ሴት ናት። በዚያው ሳምንት ተማሪው ትሪውን ሲቀበል «እትዬ፣ የቀረውን ለቤት ነው?» ማለት ጀመረ። አንዳንዱ እየሳቀ፣ አንዳንዱ ሳይስቅ። ሁለታችን ሄደን እርስዎን ማለታችን አይደለም ብንላት፣ «ተምራችሁ የጻፋችሁትን እኔ ምን አውቄ እመልሳለሁ ልጆቼ» አለችንና ፊቷን ወደ ድስቱ አዞረች።

ከዚያ ወዲያ ነው መጠየቅ ትዝ ያለን። አንድ ዳቦ ይዘን ከግቢው ፊት ለፊት ካለው ሱቅ ሚዛን ላይ አስቀመጥነው፤ 80 ግራም። ግዢ ክፍል ሄደን ጠየቅን። ጸሐፊዋ ፋይሉን አውጥታ አሳየችን፤ ከአቅራቢው ጋር በተፈረመው አዲስ ውል የአንዱ ዳቦ ክብደት ከ100 ወደ 80 ግራም ዝቅ ብሏል። የተሰረቀ ነገር የለም። የፈረመ ኃላፊ አለ፣ ቀን አለ፣ ቁጥር አለ። ይህን ሁሉ ለማወቅ የፈጀብን ከቁርስ እስከ ሻይ እረፍት ድረስ ያለው ጊዜ ነው። ያች «ተ» ፈራሚውን ሸፈነችው፣ አዳይዋን አጋለጠችው። ለተማሪ የቆመ የመሰለን ጽሑፍ የጠቀመው ማንን እንደሆነ አንባቢ ይፍረድ።

በማግሥቱ እንዲህ ብለን መጻፍ እንችል ነበር፤ «የቁርስ ዳቦ 80 ግራም ሆኗል፤ ቀድሞ 100 ግራም ነበር። ለውጡ የመጣው ግዢ ክፍሉ ከአቅራቢው ጋር በፈረመው አዲስ ውል ነው። ውሉ ከመፈረሙ በፊት ተማሪው አልተጠየቀም፣ ከተፈረመ በኋላም አልተነገረውም። የግዢ ክፍል ኃላፊው ምክንያቱን እስከ መጪው ዓርብ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እንዲለጥፉልን እንጠይቃለን።» ስድብ የለበትም፣ «መዘበረ» የለበትም፣ እንደ እኛ ግምት ግን ከፊተኛው ይልቅ የሚያስደነግጠው ይህ ነው። ኃላፊው ቢለጥፉም ባይለጥፉም ዓርብ ይመጣል።

«ስም ከጠራችሁ መጽሔቱ ይዘጋል» የሚሉን ወዳጆች አሉ። ፍርሃታቸውን አንንቅም፤ የወረቀቱም የማባዣ ማሽኑም ቁልፍ በማን እጅ እንደሆነ እናውቃለን። ግን የሥራ ክፍልን መጥራትና ግለሰብን ማዋረድ አንድ አይደሉም፤ ጥያቄም ክስ አይደለም። ሌሎች ደግሞ የሰምና ወርቅ አገር ልጆች አይደለንም ወይ ይሉናል፤ ሸፍኖ መናገር ባህላችን ነው ለማለት። ቅኔ የተማሩ ጓደኞቻችንን ጠየቅናቸው፤ ሳቁብን። በቅኔ ወርቁ ተሸፈነ እንጂ አልጠፋም፤ መምህሩ ሲጠይቅ ተቀኚው አውጥቶ ማሳየት አለበት። የእኛ ርዕሰ አንቀጽ ሰሙን ብታቀልጡት ከሥሩ ሌላ ሰም ነው የሚወጣው። በእውነት ሊነገር የማይቻል ነገር ካለ ደግሞ ለእሱ ግጥም አለለት፤ ገጽ 4 ላይ ቦታ አይጠፋም።

ስለ ርዝመት፣ ስለ ፊደል ግድፈት፣ በየእትሙ ስለሚደጋገመው የሻማ ምሳሌ የምንለው ነበር፤ ይቆየን።

የዳቦውን ጉዳይ ማረሚያ ያወጣነው በተከታዩ እትም የመጨረሻ ገጽ ላይ፣ ከአንድ የፍቅር ግጥም ግርጌ፣ በሦስት መስመር ነው። እሱም «የተሳሳተ ግንዛቤ ተፈጥሮ ከሆነ ይቅርታ ይጠየቃል» ይላል። በማን ይጠየቃል? ማንን? የሚቀጥለው እትም ስቴንስል ገና አልተመታም። ማረሚያው እንደገና ተጽፎ፣ «እኛ ጻፍን፣ ሳንጠይቅ ጻፍን፣ የበደልነውም በካፌው መስኮት የሚያድሉንን እትዬን ነው» ተብሎ፣ በመጀመሪያው ገጽ በርዕሰ አንቀጹ ቦታ እንዲወጣ ለዝግጅት ክፍሉ በጽሑፍ አቅርበናል። ሁለታችን ስማችንን ከሥሩ አኑረናል። መልሱን ገና እየጠበቅን ነው።