ቀለሙን ፋቀው

«ጋሼ፣ ደህናውን ቀለም ለምን ይፍቃሉ?» አለኝ ከሰላም ፓላስ የመጣ ልጅ። ሰላም ፓላስ እዚሁ ሮም፣ ሮማኒና ሰፈር ያለው፣ ቀድሞ የቶር ቬርጋታ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ሕንፃ ነው፤ በፈረንጆች ከ2006 ወዲህ ሐበሻው፣ ሱዳኑና ሶማሌው ስደተኛ ይኖርበታል። ልጁ አሮጌ ፑንቶ መኪና ገዝቶ አምፕሊፋየር ሊያስር ነው። ቀዩን ገመድ አሳምሮ ጎትቷል፤ ፊውዙንም ባትሪው አጠገብ አድርጎታል። ማሳው ላይ ሲደርስ፣ የዛሬ ልጆች ግራውንድ የሚሉት ማለቴ ነው፣ የመቀመጫ ቀበቶውን ቡሎን ሊፈታ ተነሣ። ያ ቡሎን በግጭት ጊዜ ሰው የሚይዝ ነው፤ አይነካም።

ቀለም ኤሌክትሪክ እንደማያሳልፍ የማያውቅ የለም፤ የሚፍቅ ግን ጥቂት ነው። እኔ ብረቱ እስኪያብረቀርቅ በብርጭቆ ወረቀት እፍቃለሁ። የገመዱን ቀለበት በቀጥታ ብረቱ ላይ አስቀምጬ፣ ጥርሳም ሮንዴላ ደርቤ አጠብቀዋለሁ። ግራሶ የምቀባው ከጠበቀ በኋላ ነው፣ ዝገት እንዳይገባበት።

ብዙዎች ቴስተሩን ኦም ላይ አድርገው «ዜሮ ነው» ብለው ይሄዳሉ። የቴስተሩ ገመድ የራሱ ኦም እኮ ከሚፈልጉት ቁጥር ይበልጣል! 0.01 ኦም እዚህ ግባ የሚባል አይመስልም። 80 አምፔር ሲያልፍበት ግን 0.8 ቮልት ይበላል፤ 64 ዋት እዚያች ቡሎን ሥር ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ሞተሩን አስነሣ፣ ቤዙን ልቀቀው፤ የቴስተሩን አንድ ጫፍ የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን የአምፕሊፋየሩ ማሳ ላይ አድርገህ ቮልት ለካ። ከ0.2 ካለፈ ፈትተህ እንደገና ፋቅ።

ማሳው ጨርሶ ከላላማ ኤሌክትሪኩ ሌላ መመለሻ ይፈልጋል፤ የሚያገኘውም ከቴፑ የሚመጣውን ቀጭን የድምፅ ገመድ ነው። ያ ገመድ ላስቲኩ ቀልጦ ከምንጣፉ ጋር ተጣብቆ አግኝቼዋለሁ። ባለቤቱ አምፕሊፋየሩን ሊቀይር ነበር የመጣው።

አንድ አሥመራ ያደገ ባልደረባ አለኝ፤ ለማሳ የመኪናውን ቦዲ አያምንም። ኔጌቲቩንም ከባትሪው እስከ ኋላ ድረስ ይጎትታል። ፕላስቲክ ቦዲ ላለው ካምፐር እውነቱን ነው። የብረት ቦዲ ግን እሱ ከሚጎትተው ከየትኛውም ገመድ ይሰፋል፤ ያውም ገመዱ ብዙ ጊዜ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው። ቀይ መብራት ላይ ሞተራቸው በሚጠፋ አዳዲስ መኪኖች ላይ ደግሞ ኔጌቲቩ ጫፍ ላይ ሴንሰር አለ። በቀጥታ እዚያ ስታስር ሴንሰሩን ዘለኸው፣ ኮምፒዩተሩ የባትሪውን ሒሳብ ይስታል። ይህን ስነግረው «መኪናው አልቆመም አይደል?» ይለኛል።

ልጁ «ፊልተር ብንጨምርስ?» አለ። ነዳጅ በረገጥክ ቁጥር አብሮ የሚጮኸውን የዲናሞ ፉጨት ለማጥፋት ማለቱ ነው። ፊልተር አልወድም። ቴፑና አምፕሊፋየሩ የተለያየ ማሳ ይዘው ሲጣሉ በመሐላቸው ሽማግሌ ማስቀመጥ ነው፤ ጠቡ ግን አለ። በዲስኮ ሙዚቃ ፉጨቱ ላይሰማህ ይችላል። ማሲንቆ ብቻውን ሲገባ፣ ወይም ክራር መታ አድርጎ ዝም ሲል ግን የት ይደበቃል? እኔ ሥራዬን በጥላሁን ገሠሠ አልፈትንም፤ ኦርኬስትራው ብዙ ይሸፍናል። በማሲንቆ ነው።

ይህ ጥንቃቄ አዲስ አበባ እያለሁ አልነበረኝም። ሶማሌ ተራ የተማርኩት ለሚኒባስ ሾፌር መሥራት ነው፤ እሱ የሚፈልገው ጩኸት ነው፤ ረዳቱም ከላዩ ይጮኻል። እዚህ ደንበኞቼ በአንድ ክፍል ለሦስት ለአራት የሚያድሩ ናቸው። እሑድ አናኚና ሜትሮ አካባቢ መኪናቸውን አቁመው፣ መስኮት ዘግተው፣ ዝቅ አድርገው መዝሙር ወይም ትዝታ ይሰማሉ። ከአገር ቤት ስልክ ሲደወልም እዚያው ነው የሚያወሩት። ዝቅ ተደርጎ ሲሰማ ትንሹ ፉጨት ሁሉ ይሰማል፤ ለሚኒባሱ ሾፌር ያልፋቅሁትን ቀለም ለእነሱ የምፍቀው ለዚህ ነው።