ድጎማና ሽልማት በወጣቶች የማኅበረሰብ አገልግሎት፦ የአሰጣጡና የአፈላለጉ ሂሳዊ ምርመራ

በትምህርት ቤት ክበባትና በወጣት ማኅበራት አማካይነት የሚካሄድ የማኅበረሰብ አገልግሎት ሁለት ጥቅሞችን አጣምሮ የያዘ ነው። በአንድ በኩል ለአካባቢው ሕዝብ የሚታይ ፍሬ ያስገኛል፤ ምንጭ ይጠረጋል፣ ችግኝ ይተከላል፣ ማንበብ ያልቻለ ጎልማሳ ፊደል ይቆጥራል። በሌላ በኩል ደግሞ ሠሪው ወጣት ራሱ ይማርበታል፤ ማቀድን፣ መመካከርን፣ የጋራ ገንዘብ መያዝንና ለጥፋት ተጠያቂ መሆንን ከመማሪያ መጽሐፍ ይልቅ ከሥራው ያገኛል። ስለሆነም ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ገንዘብ ማፈላለግ የሒሳብ ሹም ጉዳይ ብቻ ሆኖ ሊታይ አይገባውም። ገንዘቡ የሚገኝበት መንገድ ወጣቱ ከሥራው የሚቀስመውን ትምህርት ወይ ያዳብረዋል፣ ወይ ያቀጭጨዋል።

ይህ ጽሑፍ በወጣቶች ለሚመራ የማኅበረሰብ አገልግሎት የሚሰጡ ድጎማዎችና ሽልማቶች የተመሠረቱበትን አስተሳሰብ ይመረምራል፤ ጠንካራና ደካማ ጎናቸውን ያመለክታል፤ በመጨረሻም መምህራንና ዕቅድ አውጪዎች ሊከተሉት የሚገባውን አሠራር ይጠቁማል። የሚነሣው ጥያቄ «ገንዘቡ ከወዴት ይገኛል?» የሚለው ብቻ ሳይሆን፣ «ገንዘቡ ከተገኘ በኋላ ሥራው የማን ሆኖ ይቀራል?» የሚለውም ጭምር ነው።

ሀ. የድጎማና የሽልማት ልዩነት

ድጎማና ሽልማት በአነጋገር ብዙ ጊዜ አብረው ይጠሩ እንጂ ጠባያቸው ለየቅል ነው። ድጎማ ገና ላልተሠራ ሥራ በተስፋ የሚሰጥ ገንዘብ በመሆኑ ዕቅድን፣ የወጪ ዝርዝርንና ኃላፊነት የሚወስድ አካልን ይጠይቃል። ሽልማት ግን ተሠርቶ ለታየ ሥራ የሚሰጥ ምስጋና ስለሆነ የሚጠይቀው የሥራውን ማስረጃና የምስክር ቃል ነው። በአጭሩ፣ ድጎማ የሚመዝነው ሐሳብን ሲሆን ሽልማት የሚመዝነው ፍሬን ነው።

ይህ ልዩነት ባለመታወቁ ሁለት ስሕተቶች ይፈጸማሉ። አንደኛው ሥራው ሳይጀመር ሽልማቱን ማሰብ ነው። በዚህ ጊዜ ሥራው የሚመረጠው አካባቢው ስለሚያስፈልገው ሳይሆን በፎቶግራፍ ሲታይ ስለሚያምር ይሆናል። ችግኝ የተተከለበት ዕለት በሥዕል ይቀረጻል፤ ችግኙን በበጋ ወራት ውሃ እያጠጣ ያሳደገው ተማሪ ግን ከሥዕሉ ውስጥ አይገኝም። ሁለተኛው ስሕተት የዚህ ተቃራኒ ነው። ለዓመታት በጎ ሥራ ሲሠሩ የኖሩ ክበባት የሠሩትን በመዝገብ ባለማስፈራቸው ለድጎማም ለሽልማትም ሳይቀርቡ ይቀራሉ። የመጀመሪያዎቹ ማስረጃ እንጂ ሥራ የላቸውም፤ የኋለኞቹ ሥራ እንጂ ማስረጃ የላቸውም።

ለ. ከአገራችን ታሪክ የሚገኝ ትምህርት

የተማረው ወጣት ሕዝብን እንዲያገለግል መላክ በኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም። በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ፣ በአብዛኛውም በመምህርነት፣ እንዲያገለግሉ ያደርግ ነበር። በ1967 ዓ.ም. በተካሄደው የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተልከዋል። በሐምሌ ወር 1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም በተማሪዎችና በመምህራን ጉልበት የተካሄደ ሲሆን፣ በአምስት ቋንቋዎች ተጀምሮ ኋላ እስከ 15 ቋንቋዎች ደርሷል። ይህ ዘመቻ እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ አማካይነት የሚሰጠውን የዓለም አቀፍ የንባብ ማኅበር የመሠረተ ትምህርት ሽልማት ለኢትዮጵያ አስገኝቷል።

ይህ ሽልማት ሁለት ነገሮችን ያስረዳል። አንደኛ፣ ሽልማት የግድ ለአንድ ጀግና ብቻ መሰጠት እንደሌለበትና ለብዙ እጆች የጋራ ሥራም ሊሰጥ እንደሚችል ያሳያል። ሁለተኛ ግን፣ የተመሰገነው ሥራ በወጣቶች ጉልበት የተሠራ ይሁን እንጂ በወጣቶች የተመራ እንዳልነበረ መዘንጋት የለበትም። የት እንደሚዘመት፣ ምን እንደሚሠራና መቼ እንደሚመለሱ የወሰነው መንግሥት ነበር። ወጣቱ የሚያገለግልበት ሥራና ወጣቱ የሚመራው ሥራ አንድ አይደሉም። ዛሬም በየዓመቱ በክረምት በሚካሄደው የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ደም በመለገስ፣ የአቅመ ደካሞችን ቤት በማደስና ተማሪዎችን በማስጠናት የሚሳተፈው ወጣት የዕቅዱ ባለቤት ነው ወይስ የዕቅዱ ጉልበት? ይህ ጥያቄ በየትምህርት ቤቱ ሊጠየቅ የሚገባው ነው።

ሐ. የዛሬዎቹ ምንጮችና ጉድለቶቻቸው

ለወጣቶች ክፍት ከሆኑት ዓለም አቀፍ ሽልማቶች መካከል እ.ኤ.አ. በ2005 የተመሠረተው የሕፃናት ዓለም አቀፍ የሰላም ሽልማት በሰፊው የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ይህን ሽልማት ያገኘችው ዛምቢያዊቷ ታንዲዌ ቻማ ናት። የ8 ዓመት ልጅ ሳለች ትምህርት ቤቷ በመምህራን እጦት ሲዘጋ፣ ሌሎች 60 ልጆችን አስከትላ የሚቀበላቸው ትምህርት ቤት ፍለጋ ወጣች። ይህ ታሪክ ለማንኛውም መምህር ልብ የሚነካ ነው። ሽልማቱም ቢሆን ገንዘቡን ለተሸላሚው ኪስ ሳይሆን ከሥራው ጋር ለተያያዘ ፕሮጀክት እንዲውል ማድረጉ የሚመሰገን አሠራር ነው። ይሁን እንጂ በመድረኩ ላይ የምትታየው አንዲት ልጅ ናት። መንገዱን ከእርስዋ ጋር የተጓዙት 60 ልጆች በቁጥር እንጂ በስም አይጠሩም። ይህ የአንዲት ልጅ ጥፋት ወይም የአንድ ድርጅት ክፋት ሳይሆን ሽልማት በጠባዩ የሚያመጣው ጉድለት ነው። ደቦንና ወንፈልን በሚያውቅ ኅብረተሰብ ውስጥ ግን ጉድለቱ ጎልቶ ይሰማል። አንዱ ተማሪ ተሸልሞ ሌሎቹ አጨብጭበው ከተመለሱ፣ በሚቀጥለው ዓመት ዶማ የሚያነሣ ላይገኝ ይችላል።

በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1999 የተቋቋመው የዳያና ሽልማት ከ9 እስከ 25 ዓመት ዕድሜ ላላቸው ወጣቶች የሚሰጥ ነው። ዕጩውን የሚያቀርበው ዘመድ ሳይሆን በሥራው ምክንያት ወጣቱን የሚያውቅ ሰው በመሆኑ መምህሩ ዋና ምስክር ይሆናል። ሽልማቱ ክብር እንጂ ገንዘብ አያስገኝም። ይህን ሳያውቅ የምንጭ ግንባታ ወጪ ከዚህ የሚጠብቅ ክበብ ጊዜውን በከንቱ ያባክናል።

ከድጎማዎች ወገን ደግሞ የጃፓን መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ በኤምባሲዎቹ በኩል ለአነስተኛ የማኅበረሰብ ፕሮጀክቶች የሚሰጠው ድጎማና፣ እ.ኤ.አ. በ1992 የተጀመረው የዓለም የአካባቢ ፋሲሊቲ የአነስተኛ ድጎማ ፕሮግራም ሊጠቀሱ ይችላሉ። የሁለቱም ገንዘብ የሚሰጠው ለድርጅት፣ ለማኅበር ወይም ለተቋም እንጂ ለግለሰብ አይደለም። የጃፓኑ ድጎማ በይበልጥ የሚያተኩረው በግንባታና በመሣሪያ ላይ ሲሆን የዕለት ተዕለት የሥራ ማስኬጃ ወጪን አይሸፍንም። በመሆኑም የመጻሕፍት ቤት ግድግዳ በድጎማ ሊቆም ይችላል፤ መጻሕፍቱን የሚያወጣና የሚያስገባ፣ የተቀደደውን የሚጠግን ሰው ግን ድጎማው አያቆምም። ይህ አስቀድሞ ካልታሰበበት የተመረቀ ቤት ተቆልፎ መቅረቱ አይቀርም።

በአገር ውስጥ ለወጣቶች ከተመደበው ገንዘብ ሁሉ ጎልቶ የሚታየው በአዋጅ ቁጥር 995/2009 የተቋቋመው የ10 ቢሊዮን ብር የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ ነው። ይህ ፈንድ ሥራ አጥነትን ለመቀነስ የታሰበ ብድር ሲሆን ተመልሶ የሚከፈል ነው። ትርፍ የማያስገኝ የማኅበረሰብ አገልግሎት ብድር ሊከፍል አይችልም። ስለዚህ ፈንዱ በራሱ ዓላማ የሚደገፍ ቢሆንም፣ ለአገልግሎት የተነሣ ክበብ ወደዚህ ቢመራ የተሳሳተ በር ማንኳኳት ይሆንበታል።

መ. በዕድሜና በቋንቋ መካከል የወደቀው አመልካች

በ1996 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የወጣቶች ፖሊሲ ወጣት የሚለው ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለውን ሰው ነው። ተዘዋዋሪ ፈንዱ ደግሞ ከ18 እስከ 34 ዓመት ላለው የተዘጋጀ ነው። በሕጋችን 18 ዓመት ያልሞላው ሰው አካለ መጠን ያላደረሰ በመሆኑ በራሱ ፊርማ ውል ሊገባ አይችልም። እንግዲህ የ15፣ የ16 እና የ17 ዓመት ልጅ በፖሊሲው ወጣት ነው፤ በሕጉ ግን ገና በሞግዚት ሥር ነው። አብዛኛው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሚገኘውም በዚሁ ዕድሜ ክልል ውስጥ ነው። ለአገልግሎት ሲጠራ ዕድሜው ይበቃል፤ ገንዘብ ሲጠይቅ ግን ዕድሜው አይበቃም።

በዚህ ላይ የቋንቋው ችግር ይጨመራል። አብዛኞቹ ዓለም አቀፍ ማመልከቻዎች የሚሞሉት በእንግሊዝኛ ነው። ቅጹ የሚጠይቃቸው ዓላማ፣ ግብ፣ አመልካችና የሚጠበቅ ውጤት የተባሉት ክፍሎች ለለመዳቸው ሰው ቀላል ቢሆኑም ለተማሪ እንግዳ ናቸው። እንበልና የአንድ የገጠር ትምህርት ቤት ተማሪዎች ከብት የሚያደፈርሰውን ምንጭ ለማጠር ተነሡ። ሐሳቡን ያፈለቁት፣ ቦታውን የለኩት፣ ሽማግሌዎችን ያነጋገሩት እነርሱ ናቸው። ቅጹ ሲመጣ ግን መምህሩ ይሞላዋል፤ ፊርማው የርእሰ መምህሩ ይሆናል፤ የባንክ ሒሳቡ የሌላ ድርጅት ይሆናል። ገንዘቡ ሲደርስ ተማሪዎቹ ባቀዱት ሥራ ላይ የቀን ሠራተኛ ሆነው ይገኛሉ። የቅጹ ርእስ «በወጣቶች የሚመራ» ይላል፤ በወጣቶች ያልተመራው ግን ቅጹ ራሱ ነው።

እርግጥ ነው፣ ሰጪዎቹ ያለ ማስረጃና ያለ ተጠያቂ አካል ገንዘብ ሊሰጡ አይችሉም፤ የሕዝብ ገንዘብ የሚሰጥ ሰው መጠንቀቁ ተገቢ ነው። ነገር ግን ጥንቃቄና የቅጽ መብዛት አንድ አይደሉም። ከላይ የተጠቀሰው የአነስተኛ ድጎማ ፕሮግራም ማመልከቻን በአካባቢ ቋንቋ፣ አልፎ አልፎም በተንቀሳቃሽ ሥዕል የመቀበል ልምድ ያለው መሆኑ ሌላ መንገድ እንደሚቻል ያመለክታል።

ሠ. ሊደረግ የሚገባው

ከዚህ በላይ የቀረበው ሂስ ድጎማና ሽልማት ይቅር ለማለት አይደለም። የአፈላለጉ ቅደም ተከተል ይስተካከል ለማለት ነው።

በመጀመሪያ፣ ፍለጋው ከቅርብ ይጀመር። ከወላጅ መምህር ኅብረት፣ ከቀበሌው፣ ከእድሩ የሚገኝ አሸዋ፣ ድንጋይ፣ የበሬ ጉልበትና የግንበኛ አንድ ቀን ሥራ ሁሉ በብር ተተምኖ በመዝገብ ይስፈር። ይህ መዋጮ ሥራውን ከማስጀመሩም በላይ ለሩቅ ሰጪ የሚቀርብ የመጀመሪያ ማስረጃ ይሆናል። አካባቢው ያላመነበትን ሥራ ባዕድ እንዲያምንበት መጠየቅ አስቸጋሪ ነው።

ሁለተኛ፣ ማንኛውም ክበብ ሦስት ነገሮችን ዘወትር ይያዝ፦ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ፣ የገቢና የወጪ መዝገብ፣ እንዲሁም የሥራው ቀንና የሠሪዎቹ ስም የሰፈረበት ደብተር። ጸሐፊዎቹም ተማሪዎቹ ራሳቸው ይሁኑ። ሽልማት በመጣ ጊዜ ከአንዱ ስም ጋር የሌሎቹም ስም የሚገኘው ከዚህ ደብተር ነው።

ሦስተኛ፣ ማመልከቻው በመጀመሪያ ተማሪዎቹ በሚናገሩት ቋንቋ በተማሪዎቹ ይጻፍ፤ መምህሩ ከዚያ በኋላ ይተርጉመው። የእንግሊዝኛና የአማርኛ ወይም የሌላ አገርኛ ቋንቋ መምህራን ይህን የክፍል መልመጃ ሊያደርጉት ይችላሉ። ትርጉሙም ከመላኩ በፊት ለተማሪዎቹ ተመልሶ ይነበብላቸው። ያላሉትን ነገር ካገኙበት ይታረም።

አራተኛ፣ ትምህርት ቤቱ ወይም አንድ ድርጅት ገንዘቡን በአደራ ሲቀበል የክበቡ ተወካዮች የወጪውን ትእዛዝ አስቀድመው እንዲያዩ በጽሑፍ ስምምነት ይደረግ። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የድርጅቶችን የአስተዳደር ወጪ ከገቢያቸው 20 በመቶ እንዳይበልጥ ወስኗል። ክበቡም አደራ ተቀባዩ ስንት እንደሚያስቀር ከመፈራረሙ በፊት ይጠይቅ። እንዲሁም ለመመዝገቢያ ወይም ለሽልማት መላኪያ በሚል ገንዘብ የሚያስከፍል ሰጪ ሲያጋጥም በጥርጣሬ መታየት አለበት፤ ሰጪ ነኝ ባይ ከተቀባይ የሚሰበስብ ከሆነ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው።

አምስተኛው የዕቅድ አውጪዎች ድርሻ ነው። ከ15 እስከ 17 ዓመት ያሉትን ተማሪዎች የሚያቅፍ፣ በመጠኑ አነስተኛ፣ በአገር ቋንቋ በአንድ ገጽ የሚጠየቅ፣ በወረዳ ደረጃ የሚወሰን የአገልግሎት ድጎማ ቢቋቋም ከላይ የታየውን ክፍተት ይደፍናል። ከገንዘቡም ጥቂቱ ለግንባታ ሳይሆን ሥራው ከተመረቀ ከአንድ ዓመት በኋላ ለሚደረግ እድሳት ቢጠበቅ፣ ወጣቱ የጀመረውን መጨረስ ብቻ ሳይሆን የጨረሰውን መጠበቅንም ይማራል።

የአንድ ፕሮጀክት መልካምነት በምረቃው ዕለት አይለካም። ምንጩ ከሁለት ክረምት በኋላ ንጹሕ ሆኖ ቢገኝ፣ አጥሩ ሲሰበር የሚጠግነው ልጅ መዶሻው የት እንደሚቀመጥ ቢያውቅ፣ በደብተሩም ላይ ስሙን ቢያገኝ፣ ድጎማው በተገቢው ስፍራ ውሏል ማለት ይቻላል። ይህ ካልሆነ ግን ብዙ ገንዘብ ተገኝቶም ቢሆን ትምህርቱ ባክኗል።